ሁለተኛ ኮንዶሚኒየም በብድር ገዝቶ ማከራየት ያዋጣል? ምከሩኝ

የአባዶዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የካ አባዶ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም አለኝ፣ በዕጣ የደረሰኝ ነው። እኔና ባለቤቴ የምንኖረው እናቴ ግቢ ስለሆነ ቤቱን ማከራየት ከጀመርኩ ሦስት ዓመት አለፈኝ። አሁን እዚያው አካባቢ ሌላ ቤት በ3,200,000 ብር ተገኝቷል። ዕቁባችን ተጨምሮበት 1,400,000 ብር አለን። ቀሪውን 1,800,000 ከባንክ በ17 በመቶ ወለድ ለ15 ዓመት ልንበደር ነው። የወር ክፍያው 27,700 ገደማ ይመጣል። ደላላው ቤቱ 15,000 ይከራያል፣ በየስድስት ወሩም ትጨምሪበታለሽ ብሎኛል። ልዩነቱን ከደመወዛችን እንችላለን ብለን ነበር። ባለቤቴ ቆርጧል፣ እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። የመጀመሪያ ተከራዬ ጥሩ ሰው ነበር፣ ሁለተኛው የሦስት ወር ሳይከፍል በሌሊት ዕቃውን ጭኖ ጠፋ፣ የውሃ ውዝፉንም የከፈልኩት እኔ ነኝ። ያልታየኝ ነገር ካለ ንገሩኝ።

ጀሞ ሁለት፦
እህቴ፣ ለአከራይ ዓመቱ 12 ወር አይደለም። ተከራይ ሲወጣ ቀለም ትቀቢያለሽ፣ ቧንቧ ታስጠግኛለሽ፣ ለደላላ ትከፍያለሽ፣ እስኪከራይ ደግሞ ቤቱ ባዶ ይቆያል። ሁለት ቤት ሳከራይ 8 ዓመቴ ነው፣ ሁልጊዜ የማሰላው በ10 ወር ነው። ያንቺ 15,000 በ10 ወር 150,000 ነው፣ ለ12 ስታካፍይው 12,500 ይሆናል። ከዚያ ላይ የኪራይ ገቢ ግብር፣ የጣሪያና ግድግዳ ግብር፣ የጥበቃና የጽዳት መዋጮ አለ። እጅሽ ላይ 10,000 ከቀረ ጥሩ ነው። ስለዚህ በየወሩ ከደመወዝ የምትጨምሩት ወደ 18,000 ይጠጋል። ይኼን ነው ለባለቤትሽ ማሳየት ያለብሽ። የመጀመሪያው ወር ወለድ ብቻውን 25,500 ብር ነው፣ ቤቱ አንድም ቀን ባዶ ሳይሆን ቢከራይ እንኳ ወለዱን አይሸፍንም። አሥር ቤት ያለው ሰው አንዱ ባዶ ቢሆንበት ዘጠኙ ይይዙለታል። ያንቺ አንዱ ባዶ ሲሆን ግን የኪራይ ገቢሽ ግማሹ ቆመ ማለት ነው፣ ባንኩ ደግሞ አይጠብቅሽም።

የጎሮ ልጅ፦
እኔ ግን ባልሽን እደግፋለሁ። ብር አስቀምጦ ኑሮ ሲወደድ ከማየት ቤት መያዝ ይሻላል። የዛሬ አምስት ዓመት ፈርተው ያልገዙ ዛሬ ይቆጫቸዋል።

ጀሞ ሁለት፦
ዋጋው መጨመሩን አልካድኩም። ግን ቤቱ ስለተወደደ የዚህን ወር ክፍያ አይከፍልላትም። በራሳቸው ብር ቢገዙት ሌላ ነገር እል ነበር።

ውል በጽሑፍ፦
ደላላው በየስድስት ወሩ ትጨምሪያለሽ ማለቱ ትክክል አይደለም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን አንብቢው። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፣ ከ2 ዓመት ማነስ የለበትም፣ ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር አይበልጥም፣ ኪራዩም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው የሚከፈለው። ጭማሪ በዓመት አንዴ ነው፣ እሱም ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው ልክ። ብዙ አከራይ ይኼ ተከራይን ብቻ የሚጠቅም ይመስለዋል። ያ በሌሊት የጠፋብሽ ሰው ግን የተመዘገበ ውል ቢኖረውና በባንክ ይከፍል ቢሆን ኖሮ በእጅሽ ማስረጃ ይኖር ነበር። በቃል ብቻ አከራይተሽ ምን ይዘሽ ትከሺዋለሽ?

ሌላው፣ የምትገዢው ቤት የ20/80 (20 በመቶው ቀድሞ ተከፍሎ ቀሪው በባንክ ብድር የሚከፈል የመንግሥት ኮንዶሚኒየም) ከሆነ ለባለዕድሉ ከተላለፈ 5 ዓመት ሳይሞላው መሸጥ ክልክል ነው። "ለጊዜው በውክልና ይሁን" የሚሉሽ ከሆነ ተይው፣ በጣም ተይው። ዕዳና እገዳ መኖሩን ሳታጣሪም ቀብድ እንዳትሰጪ።

አራተኛ ፎቅ፦
እኔ ተከራይ ነኝ፣ ቦሌ አራብሳ። ከኔ በፊት የነበሩት በአምስት ወር ነው የወጡት፣ ምክንያቱም ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ሲመጣም አራተኛ ፎቅ አይደርስም፣ ሊፍት ስለሌለ በጀሪካን ተሸክሞ መውጣት ነው። አከራዬ እኔ ስገባ ሮቶና ፓምፕ አስገቡልኝ። ይኸው አራተኛ ዓመቴ፣ አንድም ወር አላሳለፍኩባቸውም። ለሮቶው ያወጡት ቤቱ ሁለት ወር ባዶ ቢቆይ ከሚያጡት ብዙም አይበልጥም። ሌላ ቤት ከመግዛትሽ በፊት ያሁኑ ተከራይሽን ምን እንደቸገረው ጠይቂው።

የአባዶዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ማታ ከባለቤቴ ጋር የጀሞ ሁለትን ሂሳብ ወረቀት ላይ ደግመን ሠራነው፣ ብዙ ሰዓት ዝም አለ። ብድሩን ለጊዜው ትተነዋል። ተከራዬ ጋ ደወልኩ፣ የሻወሩ ውሃ ወደ ታችኛው ቤት ይወርዳል አለኝ፣ ላላስቸግራት ብሎ ነው ያልተናገረው። ቅዳሜ ባለሙያ ይዤ እሄዳለሁ፣ ሰኞ ደግሞ አብረን ወረዳ ሄደን ውሉን እናስመዘግባለን።