ለማኅፀን በር ካንሰር የምስል ምርመራ፦ ረቂቁን አብረን እናስተካክል

ራዲዮሎጂስት (አርቃቂ)፦
ሰላም ባልደረቦች። ፊጎ (ዓለም አቀፉ የማኅፀንና ጽንስ ሐኪሞች ፌዴሬሽን) እ.ኤ.አ. በ2018 የማኅፀን በር ካንሰርን የደረጃ አመዳደብ ሲያሻሽል የምስል ምርመራ ውጤት እንዲቆጠር ፈቅዷል። የዳሌ ሊምፍ ኖድ (ንፍፊት) በካንሰሩ ከተያዘ ደረጃው 3ሲ1፣ በአኦርታ (በትልቁ የደም ቧንቧ) ዙሪያ ያለው ከተያዘ 3ሲ2 ይባላል። ስለዚህ በምስል ምርመራ መመሪያችን ረቂቅ ላይ «ለእያንዳንዷ ታካሚ ከሕክምና በፊት ኤምአርአይ ይታዘዝ» ብያለሁ። አስተያየታችሁን እጠብቃለሁ።

የማኅፀን ካንሰር ሐኪም፦
ዶክተር፣ ዓላማውን እደግፋለሁ፤ «ለእያንዳንዷ» የሚለው ግን ያሳስበኛል። ከገጠር መጥታ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት የተጠጋች እናት ወረፋ ስትጠብቅ ዕጢው አይጠብቃትም። ፊጎም ምስልን ግዴታ አላደረገም። በእጅ ምርመራ ዕጢው የዳሌ ግድግዳ ላይ መድረሱ ከታወቀ ቀዶ ሕክምና አይታሰብም፤ ኤምአርአዩ ይህን አይለውጥም። የሚያስፈልገን ስንጠራጠር ነው፦ ዕጢው 4 ሴንቲሜትር ገደማ ሲሆን፣ ወይም ወደ ፓራሜትሪየም (በማኅፀን በሩ ዙሪያ ወዳለው ሥጋ) መውጣቱ በእጅ ሳይለይ ሲቀር። በስህተት ቀዶ ሕክምና የተደረገላት ሴት ኋላ ጨረር ሲጨመርባት የሁለቱንም ጉዳት ትሸከማለች። ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ፣ ያመኛል።

የጨረር ሕክምና ሐኪም፦
«ለሁሉም» የሚለው ቃል ለኩላሊት አልትራሳውንድ ይሁን። ዕጢው የሽንት ቱቦውን ዘግቶ ኩላሊቱ ውሃ ከያዘ ደረጃው ቢያንስ 3ቢ ነው። ከጨረር ጋር የምንሰጠው ሲስፕላቲን የተባለው የካንሰር መድኃኒትም ኩላሊትን ስለሚጎዳ ክሪያቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳይ የደም ምርመራ) አብሮ ይታይ። ጨረር የሚወስዱት ደግሞ የሆድና የዳሌ ሲቲ ይሠራላቸው፤ በአኦርታ ዙሪያ ያለው ሊምፍ ኖድ ከተያዘ የጨረሩ መስክ ወደ ላይ ይሰፋል።

ራዲዮግራፈር፦
የምንለምነው አንድ ነገር ነው፤ ማዘዣው ላይ «የዳሌ ኤምአርአይ» ብቻ አትጻፉልን። የማኅፀን በር ካንሰር መሆኑን ካላወቅን ቲ2 የተባለውን የኤምአርአይ ምስል ለማኅፀን በሩ ዘንግ ቀጤ ነክ አድርገን አንቆርጠውም፤ ያኔ ፓራሜትሪየም ያሳስታል። ኮንትራስትም (ምስሉን ለማጉላት በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት) ሁልጊዜ አያስፈልግም፤ ቲ2ና ዲፊውዥን የተባሉት የምስል ዓይነቶች ለአብዛኛው ይበቃሉ። ለታካሚዋ ወጪ ይቀንሳል።

ራዲዮሎጂስት (አርቃቂ)፦
ተቀብያለሁ። «ለእያንዳንዷ» ወጥቷል፤ የኩላሊት አልትራሳውንድ ለሁሉም፣ ኤምአርአይ ለቀዶ ሕክምና ለሚታሰቡትና ለሚያጠራጥሩት፣ ሲቲ ጨረር ለሚወስዱት ተብሏል። ሲቲ ላይ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ ጨምሬያለሁ። አጭር ስፋቱ ከ10 ሚሊሜትር ያለፈ ሊምፍ ኖድ ሁሉ ካንሰር አይደለም። ቲቢና ኤችአይቪ ባለበት አገራችን ከኢንፌክሽን የሚያብጥም አለ። ስለዚህ 3ሲ የተባለው በምስል ብቻ ከሆነ «አር»፣ በፓቶሎጂ (በናሙና ምርመራ) ከተረጋገጠ «ፒ» የሚለው ምልክት ይጻፍ። ካጠራጠረ ደግሞ የፊጎ ደንብ ዝቅተኛውን ደረጃ ያዛል።

የካንሰር ክፍል ነርስ፦
እባካችሁ ቀጠሮውንም አስገቡበት። አልትራሳውንዱ ባዮፕሲ (የዕጢው ናሙና) በተወሰደበት ቀን ይሠራ፤ ለሁለተኛ ጉዞ የመኪና የሚያጣ ብዙ ነው፣ እዚያው ይጠፉብናል።

ራዲዮሎጂስት (አርቃቂ)፦
ሲስተር፣ አንደኛ ተራ ላይ አስገብቼዋለሁ። የኤምአርአይ ማዘዣ ቅጹን ራዲዮግራፈራችን፣ የሲቲውን ክፍል የጨረር ሐኪማችን እስከ ሐሙስ ይላኩልኝ።