4 ሚሊዮን ብር ለ40 በመቶ ድርሻ፦ ለቡና ገለባ ከሰል ሥራችን የቬንቸር ካፒታል እንፈልግ ወይስ ይቅርብን?

ጥያቄ፦ የአዌቱ ማዶ

ጤና ይስጥልኝ። እኔና ባልደረባዬ ጅማ ከተማ ውስጥ በተከራየነው ሼድ የቡና ገለባ እያከሰልንና በማሽን እየጨመቅን የማገዶ ከሰል ማምረት ከጀመርን ሁለተኛ ዓመታችንን ይዘናል። በቀን 6 ኩንታል ያህል እናመርታለን። ገዢዎቻችን በሂርማታ ገበያ ያሉ ከሰል ቸርቻሪዎች፣ ጥቂት ምግብ ቤቶችና የጀበና ቡና የሚያፈሉ ሴቶች ሲሆኑ፣ በተለይ ክረምት ላይ የእንጨት ከሰል ረጥቦ ሲወደድ የሚጠይቁንን ያህል ማቅረብ አንችልም። ሁለተኛ ማሽን ለመግዛት ብድር ብንጠይቅ የቤት ካርታ አምጡ ተባልን፤ ሁለታችንም የምንኖረው ተከራይተን ነው።

በቅርቡ በሰው በሰው ያገኘነው አንድ የአዲስ አበባ ባለሀብት 4 ሚሊዮን ብር አስገብቶ 40 በመቶ ድርሻ መያዝ እንደሚፈልግ ነግሮናል። ባልደረባዬ ይህን ትተን የቬንቸር ካፒታል ፈንዶችን፣ ማለትም ከሌሎች ገንዘብ ሰብስበው በጀማሪ ድርጅቶች ውስጥ ድርሻ የሚገዙ ተቋማትን፣ እናንኳኳ ባይ ነው። በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ምክራችሁን ብትለግሱን እናመሰግናለን።

መልስ፦ ሒሳብ ሠሪ

በመጀመሪያ የቀረበላችሁን ዋጋ በቁጥር እንየው። ለ40 በመቶ 4 ሚሊዮን ብር መክፈል ማለት ገንዘቡ ከገባ በኋላ ድርጅቱ 10 ሚሊዮን ብር ያወጣል፣ ከመግባቱ በፊት ደግሞ እናንተ እስካሁን የሠራችሁት 6 ሚሊዮን ብር ያወጣል ማለት ነው። አንድ ማሽንና ኪራይ ሼድ ላለው ድርጅት ይህ የሚናቅ ዋጋ አይደለም። የሚያሳስበኝ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ ባለሀብት 25 በመቶ ቢወስድ፣ የእናንተ 60 በመቶ ወደ 45 ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ሁለታችሁ ተስማምታችሁም እንኳ ብቻችሁን አብላጫ ድምፅ አይኖራችሁም።

ስለ ፈንዶቹ ባልደረባዎ ያሰቡትን አከብራለሁ፤ ነገር ግን የአሠራራቸው ጠባይ ከሥራችሁ ጋር የሚገጥም አይመስለኝም። አንድ ፈንድ ከሌሎች የሰበሰበውን ገንዘብ ብዙውን ጊዜ በ10 ዓመት ገደማ ውስጥ መመለስ ስላለበት፣ የያዘውን ድርሻ ከዚያ በፊት ለሌላ ሸጦ መውጣት ይፈልጋል፤ ገንዘብ ካስገባባቸው ድርጅቶች አብዛኞቹ እንደሚከስሩ ወይም ዋናቸውን ብቻ እንደሚመልሱ አስቀድሞ ስለሚያውቅም፣ እያንዳንዱን የሚመዝነው ብዙ እጥፍ ማደግ ይችላል ወይ ብሎ ነው። በአንድ ከተማ ደኅና ትርፍ የሚያስገባ የከሰል ማምረቻ ጥሩ ንግድ ቢሆንም በዚህ ሚዛን አያልፍም። አክሲዮን የሚሸጥበትና የሚገዛበት የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በ2017 ሥራ ቢጀምርም፣ በእናንተ መጠን ያለ ድርጅት ድርሻ እዚያ አይሸጥም። ስለዚህ የአዲስ አበባው ሰውዬ በምን መንገድና በምን ዋጋ እንደሚወጣ ውሉ ላይ ካልተጻፈ አትፈርሙ።

መልስ፦ የአጋሮ ቀሻሪ

ልጆቼ፣ እኔ ፈንድ የሚባለውን አላውቅም፤ ገለባውን ግን አውቀዋለሁ፤ ለብዙ ዓመታት ጀንፈል፣ ማለትም ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ ስቀሽር የኖርኩ ሰው ነኝ።

ከአንድ ኩንታል ጀንፈል ግማሽ ያህሉ ገለባ ነው። ከሦስት ኩንታል ደረቅ ገለባ ደግሞ አንድ ኩንታል ገደማ ከሰል ቢወጣችሁ ነው። በቀን 6 ኩንታል በዓመት 250 ቀን ከሠራችሁ 1,500 ኩንታል ከሰል ነው፤ ይህም 4,500 ኩንታል ገለባ ይፈልጋል፤ ያ ሁሉ ገለባ የሚገኘው ከ9,000 ኩንታል ጀንፈል ነው። ሁለተኛ ማሽን ስታስገቡ ይህን እጥፍ አድርጉት። መቀሸሪያዎች በደንብ የሚሠሩት ደግሞ ከኅዳር አንሥቶ ለጥቂት ወራት ነው። የዓመቱን ገለባ በነዚያ ወራት ገዝታችሁ፣ ዝናብ በማይነካው መጋዘን ካላስቀመጣችሁ ክረምት ላይ ማሽናችሁ ሁለትም ሆነ አራት ሥራ ፈት ይሆናል። የጅማ ዝናብ እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

ሌላው ነገር ዋጋ ነው። ዛሬ ገለባ ክምር ሆኖ የሚያስቸግረን፣ አንዳንዱም የሚያቃጥለው ነገር ስለሆነ በርካሽ፣ አንዳንዴም በነፃ ትወስዳላችሁ። አራት ሚሊዮን ብር ያለው ሰው ገብቷል ተብሎ በተሰማ ማግስት እኔን ጨምሮ ሁላችንም ዋጋ እንጠራለን፤ ይህን ሳልደብቅ ነው የምነግራችሁ። ስለዚህ ከባለሀብት በፊት ከቀሻሪ ጋር ተዋዋሉ። ገለባ ሲጫን ክብደት የለውም፤ መኪናው ገና ሚዛኑ ሳይደርስ ይሞላል፤ ከአጋሮ ጅማ እያመላለሳችሁ ለአየር ኪራይ አትክፈሉ። ማክሰያውን መቀሸሪያው አጠገብ ትከሉና ጅማ የሚገባው የከሰል ዱቄቱ ብቻ ይሁን።

መልስ፦ ጠበቃ በሙያ

ከሒሳብ ሠሪ ጋር ፈንድ አሁን አይመጥናችሁም በሚለው እስማማለሁ፤ የውጭ ፈንድ ከሆነ ደግሞ የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 ለአንድ ፕሮጀክት ቢያንስ 200,000 ዶላር፣ ከኢትዮጵያዊ ጋር በጋራ ሲሆን 150,000 ዶላር ስለሚጠይቅ መጠኑ ራሱ ከእናንተ ጋር አይገናኝም።

የቤት ካርታ ጉዳይ ግን እንዲሁ መታለፍ የለበትም። በሚንቀሳቀሱ ንብረቶች ስለሚሰጥ ዋስትና የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ማሽንን፣ የተከማቸ ዕቃን፣ ከደንበኛ የሚሰበሰብ ገንዘብን ጭምር መያዣ ማድረግ ይፈቅዳል። ባንኮች ቤት መጠየቅ ስለለመዱ ይህን ራሳችሁ ማንሣት ሊኖርባችሁ ይችላል። ለማሽኑ የኢትዮጵያ ልማት ባንክን የሊዝ ፋይናንስ ጠይቁ፤ በዚህ አሠራር ባንኩ ማሽኑን ገዝቶ ያከራያችኋል፣ ተከራዩ ከዋጋው 20 በመቶውን ያዋጣል፣ ማሽኑም ተከፍሎ እስኪያልቅ የባንኩ ንብረት ሆኖ ይቆያል። እንዲህ ከሆነ ከባለሀብቱ የምትፈልጉት ገንዘብ ለመጋዘንና ለገለባ መግዣ ብቻ ስለሚሆን፣ ሁለት ሚሊዮኑን አሁን በ20 በመቶ፣ ቀሪውን ደግሞ ሁለተኛው ማሽን አንድ ክረምት ከሠራ በኋላ ያን ጊዜ በምትስማሙበት ዋጋ እንዲያስገባ ጠይቁት።

አንድ ነገር ልጨምር። እስካሁን በሁለታችሁ መካከል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ካልመሠረታችሁ ሦስተኛ ሰው አታስገቡ። በንግድ ሕጉ፣ ማለትም በአዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ የካፒታሉ ዝቅተኛ መጠን 15,000 ብር ብቻ ነው። ከሁለታችሁ አንዱ ሥራውን ትቶ ቢሄድ ድርሻው ምን እንደሚሆን በመመሥረቻ ጽሑፉ ውስጥ ይግባ፤ ባለሀብቱም ይህን መጠየቁ አይቀርም።

የጠያቂው ምላሽ፦ የአዌቱ ማዶ

ሁላችሁንም ከልብ እናመሰግናለን። እውነቱን ለመናገር የገለባውን ሒሳብ እንዲህ አድርገን አስልተነው አናውቅም ነበር፤ ዓምና ሰኔ ላይ ሥራ የፈታነውም በማሽን ብልሽት ሳይሆን ገለባ አልቆብን ነው። ማኅበሩን በዚህ ወር እንመሠርታለን፤ ለባለሀብቱም የ2 ሚሊዮኑን ሐሳብ እናቀርባለን። አባቴ የአጋሮው፣ ለሦስት ዓመት የሚቆይ የገለባ ውል በቁርጥ ዋጋ ይፈርሙልናል?

መልስ፦ የአጋሮ ቀሻሪ

ለሦስት ዓመት በቁርጥ ዋጋ አልፈርምም፤ የሁለተኛውና የሦስተኛው ዓመት በየዓመቱ ይነገር። የመጀመሪያውን ዓመት ግን ማክሰያውን እኔ ግቢ ከተከላችሁ እፈርማለሁ። መስከረም ሳይገባ ኑና ቦታውን እዩት።