ሁለት የጠረጴዛ መብራት ምኑ ነው እንዲህ የሚያስወራው?

የአዘዞው ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። እዚሁ ጎንደር ሆኜ ብሌንደር የሚባለውን የአኒሜሽን ሶፍትዌር በዩቲዩብ መማር ከጀመርኩ አራት ወር ሆነኝ። አንድ ጓደኛዬ «መጀመሪያ ሉክሶ ጁኒየርን እይ» አለኝና አየሁት፤ የአኒሜሽን ድርጅቱ የፒክሳር አጭር ፊልም ነው። ሁለት ደቂቃ ገደማ ነው። ትልቅ መብራት፣ ትንሽ መብራት፣ ኳስ፣ አለቀ። ስልኬ ላይ ያለው ጌም እንኳ ይበልጠዋል። ሰው ለምን እንደዚህ ያካብደዋል? ለመንቀፍ አይደለም፣ የምር ግራ ገብቶኝ ነው።

የአራዳ ልጅ፦
ወንድሜ፣ የተሠራው በፈረንጆቹ 1986 እኮ ነው! ስቲቭ ጆብስ ፒክሳርን ከሉካስፊልም የገዛው በዚያው ዓመት ነው፤ ያኔ ደግሞ ዋና ሥራቸው ኮምፒውተር መሸጥ ነበር። ፊልሟን ዳላስ ላይ በነበረው ሲግራፍ የሚባል የኮምፒውተር ግራፊክስ ጉባኤ ያሳዩዋት ችሎታችንን እዩልን ለማለት ነው፣ ማስታወቂያ በላት። ከዚያ ለኦስካር ታጨች፣ በኮምፒውተር ከተሠሩት የመጀመሪያዋ። የፒክሳር የመጀመሪያው ሙሉ ፊልም ቶይ ስቶሪ እንኳ የመጣው በ1995 ነው። የፒክሳር ፊልም ሲጀምር ፊደል የምትረግጠው መብራትም እሷው ናት።

ማሂ፦
ኧረ ማስታወቂያ ብቻማ አይደለችም! ዳይሬክተሩ ጆን ላሴተር የሚያወራት ነገር አለች። ፊልሙ እንዳለቀ ጂም ብሊን የሚባለው የግራፊክስ ሊቅ ወደ እሱ ሲመጣ አየውና ስለ ጥላው ሊጠይቀኝ ነው ብሎ ተጨነቀ፤ መብራቶቹ በራሳቸው አካል ላይ ጥላ መጣላቸው ያኔ ትልቅ ጉድ ነበራ። ሰውዬው ግን የጠየቀው ትልቁ መብራት እናት ነው ወይስ አባት ብሎ ነው። ዓይን የለው፣ አፍ የለው፣ ብረት እኮ ነው!
ደግሞ ትንሹን ልብ ብለህ እየው። ዘንጉ አጥሯል፣ ቆቡ አንሷል፣ አምፖሉ ግን የትልቁን ያህል ነው። አምፖል ከሱቅ ነዋ የሚገዛው፣ አያድግም።

የአዘዞው ልጅ፦
እሺ ደግሜ አየሁት። መብራት እያየሁ መብራት ሄደብኝ እንጂ 😂 ኳሱ ተንፍሶበት አንገቱን ሲደፋ፣ ታናሽ ወንድሜ ብርጭቆ ሰብሮ እማዬ ፊት የሚቆመው አቋቋም ቁርጥ እሱን ነው። ግን በኔ ላፕቶፕ ምን ልሥራ? ትናንት ሌሊት ሬንደር ላይ እያለ (ኮምፒውተሩ ምስሎቹን አንድ በአንድ እያወጣ) 140ኛው ፍሬም፣ ማለትም ምስል ላይ መብራት ጠፋ፤ ሬንደሩ ከዜሮ ሊጀመር ነው።

የድሮ ሠዓሊ፦
ልጄ፣ ካሜራውን አይተኸዋል? ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ንቅንቅ አይልም። እነሱም ጊዜ አጥሯቸው ነው። አንተም ካሜራህን ትከልና እንቅስቃሴው ላይ ድከም። ሬንደርህን በቪዲዮ ሳይሆን በፒኤንጂ ምስል አውጣው፣ እያንዳንዱ ፍሬም ለብቻው ይቀመጣል፤ መብራት ሲመጣ ከ141 ትቀጥላለህ። ለልምምድ ጀበናና ሲኒ ያዝ። ጀበና አንገት አላት፣ ታጎነብስልሃለች። ሲኒው ረከቦቱ ላይ ይዝለል።

የአዘዞው ልጅ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ዛሬውኑ እጀምራለሁ። ሲኒው ግን ጆሮ ይኑረው?

ማሂ፦
የቡና ሲኒ ጆሮ የሚኖረው እናንተ ቤት ነው?