ፍላሼ ላይ ያለው ፎልደር ሁሉ ሾርትከት ሆነብኝ

ተመራቂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት የመመረቂያ ጽሑፌን ላሳትም ስድስት ኪሎ አካባቢ አንድ ፕሪንት ቤት ገባሁ። ቤት ተመልሼ ፍላሹን ላፕቶፔ ላይ ስሰካው ፎልደሮቼ በሙሉ ሾርትከት ሆነዋል፣ እያንዳንዳቸው 1 ወይም 2 ኪሎባይት። አንዱን ከፈትኩት። የሆነ ጥቁር ነገር ብልጭ ብሎ ጠፋና ፎልደሩ እንደ ድሮው ተከፈተ፣ ስለዚህ ብዙም አልከነከነኝም። ዛሬ ጠዋት የእህቴን ፍላሽ ስሰካ የሷም ያው ሆነ! የሁለት ዓመት ቃለ መጠይቅ እዚያ ላይ ነው ያለው፣ ሌላ ቦታ ኮፒ የለኝም። (አውቃለሁ፣ አትስደቡኝ።)

ቸኳዩ፦
ፎርማት አድርገው ወንድሜ፣ ሁለት ደቂቃ ነው።

ተመራቂዋ፦
ወንድምህ አይደለሁም፣ እህትህ ነኝ። ደግሞ ኮፒ የለኝም እያልኩ!

ጥገና ቤት፦
ኧረ እንዳትነኪው። ፎርማት ብታደርጊውም ቫይረሱ አሁን ላፕቶፕሽ ውስጥ ስለገባ መልሰሽ ስትሰኪው ያው ነው፤ የእህትሽን ፍላሽ ያበላሸውም እሱ ነው።

ፋይሎችሽ አልጠፉም። ይሄ ቫይረስ እውነተኞቹን ፎልደሮች የሲስተም ፋይል አስመስሎ ይደብቅና በቦታቸው ተመሳሳይ ስም ያለው ሾርትከት፣ ማለትም ሌላ ፋይል የሚያስከፍት አቋራጭ፣ ያስቀምጣል። ስትከፍቺው መጀመሪያ ራሱን ያስነሳል፣ ከዚያ ፎልደሩን ይከፍትልሻል፣ አንቺም ምንም አይመስልሽም። ማረጋገጥ ከፈለግሽ ሾርትከቱን ቀኝ ክሊክ አድርገሽ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ታርጌት የሚለውን አንብቢ። ሲኤምዲ (cmd) ወይም ደብሊውስክሪፕት (wscript) የሚል፣ ማለትም የዊንዶውስ ትእዛዝ ማስኬጃ ስም፣ ካለበት አለቀ፣ እሱ ነው።

አሁን ሁለቱንም ፍላሾች ንቀዪ። የዊንዶውስ የራሱ አንቲቫይረስ ያለበት ዊንዶውስ ሴኩሪቲ ገብተሽ ስካን ኦፕሽንስ ውስጥ ዲፌንደር ኦፍላይን ስካን የሚለውን አስጀምሪ። የከፈትሽው ሥራ ካለ ቀድመሽ ሴቭ አድርጊ፣ ምክንያቱም ኮምፒውተሩ ሪስታርት አድርጎ ዊንዶውስ ሳይነሳ ነው የሚፈትሸው፤ ዊንዶውስ ካልተነሳ ቫይረሱም አይነሳም። 15 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ከዚያ ፍላሹን ሰክተሽ፣ ምንም ሳትከፍቺ፣ ስካን። ቀጥሎ ፎልደር ኦፕሽንስ ውስጥ የተደበቁ ፋይሎችን እንዲያሳይ አድርጊ፣ የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ የሚለውንም ምልክት አንሺ። ደብዘዝ ያሉ ፎልደሮች ይመጡልሻል፣ አንዳንዴ ስም የሌለው አንድ ፎልደር ውስጥ ሁሉም ታጉሮ ይገኛል። ዶክመንቶቹን ብቻ ኮፒ አድርጊ። ፎርማቱ ከዚያ በኋላ።

ተጠራጣሪ፦
አንድ ልጨምር። የፋይል ስም መጨረሻ እንዲታይ አድርጊ፣ ዊንዶውስ ካልቀየርሽው ይደብቀዋል። ፒዲኤፍ የመሰለሽ ነገር መጨረሻው ኢኤክስኢ (.exe)፣ ማለትም ፕሮግራም፣ ሊሆን ይችላል። በ2000 እ.ኤ.አ. ዓለምን ያመሰው የፍቅር ደብዳቤ ቫይረስ ራሱ የጽሑፍ ፋይል መስሎ ነበር የሚመጣው።

የተጠራጠርሽውን ፋይል ቫይረስቶታል የሚባል ድረ ገጽ ላይ መጫን ትችያለሽ፣ ከ70 በላይ አንቲቫይረሶች አንዴ ያዩታል። ግን ሾርትከቱን ሳይሆን የሚያስነሳውን ፋይል ነው መጫን ያለብሽ። ቃለ መጠይቆቹን ደግሞ በፍጹም! እዚያ የተጫነ ፋይል ሌሎች የሴኪዩሪቲ ድርጅቶችም ያገኙታል፣ ያነጋገርሻቸው ሰዎች ለዚያ አልፈቀዱልሽም። ፓስወርዶችሽንም ከስልክሽ ቀይሪ፣ በላፕቶፑ አይደለም።

ፕሪንት ቤት ነኝ፦
ሁሌ እኛ ላይ ነው የምታላክኩት 😀 በቀን ስንት ሰው ፍላሽ እንደሚሰካብን ብታዩ። ግማሹ ቫይረሱን ይዞ ነው የሚመጣው፣ ግማሹ ይዞ ይሄዳል። ፒዲኤፍ አድርጋችሁ በቴሌግራም ላኩልን፣ እኛም እናርፋለን።

ተመራቂዋ፦
ኦፍላይን ስካኑ ሁለት ነገር አግኝቶ አጠፋ። ፎልደሮቹም ስም የሌለው አንድ ፎልደር ውስጥ ነበሩ፣ ልክ እንዳልከው 🙏 ኮፒ እያደረግኩ ነው። የእህቴን ፍላሽ ግን እስካሁን አልነገርኳትም።