«አዲስ ዝርያ ተገለጸ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ጠያቂ፣ ከባሕር ዳር፦

በሞቃታማ ደን ስለተሰበሰበ አንድ ጥንዚዛ የተጻፈ ሳይንሳዊ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስሁ ነው። ጥንዚዛው ስታፊሊኒዴ ከሚባለው ሰፊ አስተኔ (ፋሚሊ) ይመደባል። ርእሱን «አዲስ የጥንዚዛ ዝርያ ተገለጸ» ብዬው ነበር፤ ረቂቁን ያነበቡልኝ ሰዎች ግን «ማን ገለጸ? ለጋዜጠኞች ነው?» እያሉ ይጠይቁኛል። በዜና አማርኛ «ተገለጸ» ማለት «ይፋ ተደረገ» ነውና ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። «ተገኘ» ልበል? ወይስ «ተመዘገበ»? ሆሎታይፕ ለሚሉት ናሙናና ለጥንዚዛው ለራሱም የአማርኛ ስም ብትጠቁሙኝ ደስ ይለኛል።

የሥነ ሕይወት መምህር፣ ከዘጌ፦

እኅቴ፣ «ተገኘ»ን ተዪው። በዚህ ሙያ ማግኘትና መግለጽ ሁለት ሥራዎች ናቸው፤ በመካከላቸው አሥርት ዓመታት የሚያልፉበት ጊዜም ብዙ ነው። ጥንዚዛው ከደን ወለል ከረገፈ ቅጠል ተነፍቶ ይወጣል፤ በአልኮል ይቀመጣል፤ በትንሽ ካርቶን ላይ ይለጠፍና የተሰበሰበበት ቦታና ቀን ይጻፍበታል። ከዚያ በሙዚየም መሳቢያ ውስጥ ስም ሳይኖረው ይቆያል። «የተገለጸ» የሚባለው አንድ ባለሙያ ከቅርብ ዘመዶቹ የሚለይበትን ነገር ጽፎ፣ ስም አውጥቶለት፣ ሲያሳትም ብቻ ነው።

ሥራው የሚመራው በዓለም አቀፉ የእንስሳት ስያሜ ኮሚሽን ደንብ ነው። አራተኛው የደንቡ እትም እ.ኤ.አ. ከ2000 መጀመሪያ አንሥቶ ይሠራል። ከ1999 በኋላ የወጣ የዝርያ ስም ተቀባይነት እንዲያገኝ ስሙን የሚሸከመው ናሙና የትኛው እንደሆነና የት እንደሚቀመጥ በግልጽ መጻፍ አለበት። በኢንተርኔት ብቻ ለሚታተም ጽሑፍ ደግሞ፣ ደንቡ በ2012 ከተሻሻለ ወዲህ፣ ዙባንክ በተባለው መዝገብ መመዝገብ ግዴታ ነው። «ተመዘገበ» ለዚህ ሥራ ስለሚያስፈልገን ለርእስሽ አይሆንም።

የገለጻው አድካሚነት ለአንባቢ እንዲታይ እመኛለሁ። ይህ አስተኔ ከ60,000 በላይ የተገለጹ ዝርያዎች አሉት፤ ብዙዎቹ ጥቂት ሚሊሜትር የሚረዝሙ፣ በመልክም የሚመሳሰሉ ናቸው። ስለዚህ የራሱና የደረቱ ስፋት ይነጻጸራል፤ በጀርባው ያሉት ጥቃቅን ነቁጦች አደራደር ይታያል፤ የአንቴናው አንጓዎች አንድ በአንድ ይለካሉ። ብዙ ጊዜ የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጠው ግን የወንዱ ብልት ቅርጽ ነው። በማይክሮስኮፕ ሥር በጥንቃቄ ይወጣና ይሳላል። ከውጭ ሲታዩ የማይለዩ ሁለት ጥንዚዛዎች በዚህ ብቻ ሁለት ዝርያ ሆነው ሊገኙ ይችላሉ።

አንድ የግእዝ ተማሪ፣ ከጎርጎራ፦

መምህር፣ እግዜር ይስጥልን። እኔ በቃሉ ላይ ልጨምር። «ገለጸ» እና «ገለጠ» የአንድ ሥር ልጆች ናቸው፤ ጾምን ጦም እንደምንለው ጸ እና ጠ ይወራረሳሉ። የሐይቃችንም ስም በቀድሞ ጽሕፈት «ጻና» ነው። የአውሮፓ ሊቃውንት ይህንኑ ድምፅ ስለወሰዱ በጣና ብቻ ከሚኖሩት የላቤዮባርበስ ዓሦች አንዱ በሳይንስ ስሙ ጻኔንሲስ ይባላል። ሌላው ጎርጎሬንሲስ ነው፤ የኛው አገር ስም! መድረሻው በላቲን የቦታ ተወላጅነትን ያመለክታል፤ እኛ ጎጃሜ፣ ጎንደሬ፣ ወሎዬ እንደምንለው።

«ገለጠ» ልብስን ማንሣት፣ ገጽን መክፈት፣ የተሸፈነውን ማሳየት ነው። ባለሙያው የሚሠራውም ይህንኑ ስለሆነ «ገለጸ»ን ከዜናው ትርጉም ማስመለስ እንችላለን ባይ ነኝ። ጥንዚዛውንስ «ሆደ ገላጣ» ብንለው? የሌሎች ጥንዚዛዎች ጠንካራ ሽፋን ሆዳቸውን ሁሉ ሲሸፍን የዚህኛው አጭር ነው፤ አብዛኛው ሆዱ ሜዳ ላይ ነው።

ሌላ አባል፣ ከባሕር ዳር፦

«ሆደ ገላጣ»ን አልቀበልም። ሆደ ሰፊ፣ ሆደ ባሻ፣ ሆደ ቡቡ የምንለው ስለ ሰው ጠባይ ነው። አንባቢ ምሥጢር የማይቋጥር ሰው ነው የሚመስለው። «ክንፈ አጭር» ይሻላል።

መምህር፣ ከዘጌ፦

በ«ሆደ» ላይ የተነሣው ተቃውሞ ትክክል ነው፤ «ክንፈ አጭር» ግን ሐሰት ይሆናል። የሚበርበት ክንፍ አጭር አይደለም፤ ተጣጥፎ ከአጭሩ ሽፋን ሥር ይገባል። ያጠረው ሽፋኑ ነው። እጀ ጉርድ እንደምንለው «ጉርድ ሽፋን ጥንዚዛ» እንበለው። እዚህ ዘጌ ከቡናው ሥር የረገፈውን ቅጠል ስታነሡ ሆዱን ወደ ላይ ቀስሮ የሚሮጥ ቀጭን ጥንዚዛ ካያችሁ ከዚህ አስተኔ መሆኑ አይቀርም።

በነገራችን ላይ በምሥራቅ አፍሪካ «የናይሮቢ ዝንብ» የሚሉት ጉርድ ሽፋን ጥንዚዛ እንጂ ዝንብ አይደለም። አይነክስም፤ በቆዳ ላይ ሲጨፈለቅ ግን በሰውነቱ ያለው ፔደሪን የተባለ መርዝ ቆዳን ያቆስላል። እፍ ብሎ ማባረር፣ ከነካም በሳሙና መታጠብ ነው።

ለሆሎታይፕ «አርአያ» ወይም «ምሳሌ» እንዳትዪ አደራ። የዝርያው ምርጥ አባል ማለት አይደለም፤ እግሩ የተሰበረም ሊሆን ይችላል። ሥራው ስሙን መሸከም ነው። ወደፊት አንዱ ዝርያ ሁለት ሆኖ ቢከፈል ስሙ ያ ናሙና ካለበት ክፍል ጋር ይቀራል። ስለዚህ «ስም ተሸካሚ ናሙና» እላለሁ።

ጠያቂ፣ ከባሕር ዳር፦

«ስም ተሸካሚ ናሙና» እና «ጉርድ ሽፋን» ተቀብያለሁ። የጎርጎራው ወንድማችን ስለ «ገለጠ» ያለው ልቤን ነክቶታል፤ ነገር ግን በርእስ ላይ «ተገለጠ» ብል መልአክ የታየ ያስመስለዋል። መምህር «ስም አውጥቶለት» ያሉት ነው መንገዱን ያሳየኝ። ለልጅ ስም ይወጣለታል፤ ለዝርያም ይወጣለት። ርእሱ «ለአዲስ ጉርድ ሽፋን ጥንዚዛ መለያው ተጽፎ ስም ወጣለት» ይሆናል። በውስጥ ገጽ ላይ «ገለጻ»ን አንድ ጊዜ ፈትቼ እጠቀምበታለሁ። አንድ ነገር ቀረኝ፦ የወጣው ስም ቀድሞ ለሌላ እንስሳ ወጥቶ ቢሆንስ?

መምህር፣ ከዘጌ፦

ለዚህስ ከ«ሞክሼ» የተሻለ ቃል የለንም። በአንድ ወገን (ጂነስ በሚሉት የቅርብ ዘመዳሞች ዝርያዎች ስብስብ) ውስጥ ሁለት ዝርያዎች ሞክሼ ሊሆኑ አይችሉም፤ ኋላ የወጣው ስም ይነሣና ሌላ ይተካል። በተለያየ ወገን ከሆነ ግን አይከለከልም፤ ጻኔንሲስ የሚባል ጥንዚዛ ቢኖር ዓሣው ስሙን አያጣም። የወገን ስም ላይ ደንቡ ይጠብቃል፤ በመላው የእንስሳት ዓለም ሞክሼ አይፈቀድም።