ለተቃዋሚ ፓርቲዎች የምንልከው የጋራ ሐሳብ፦ በረቂቁ ላይ የተደረገ ውይይት

ጸሐፊዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ተቃዋሚ ፓርቲዎች በማኅበራችን ስም እንዲደርሳቸው ያሰብነው ደብዳቤ የመጀመሪያ ረቂቁ ደርሷችኋል። አንድ ገጽ ነው። ዋናው ዐረፍተ ነገር «ሀገራችን ካለችበት ቀውስ አንጻር ፓርቲዎች ልዩነታቸውን ወደ ጎን ትተው አንድ ጠንካራ ግንባር እንዲመሠርቱ እንጠይቃለን» ይላል። አስተያየታችሁን እስከ ዓርብ ጻፉልኝ። ቅዳሜ ጠዋት እንጨርሰውና ሁሉም በጊዜ ቤቱ ይግባ።

የማራኪው መምህር፦ «ልዩነታቸውን ወደ ጎን ትተው» የሚለው ይውጣ። ልዩነት ባይኖራቸው መቼ ለየብቻ ይደራጁ ነበር? መሬት የመንግሥት ይሁን የግል፣ አንቀጽ 39 ይቆይ ወይስ ይነሣ፣ ፌዴራሊዝሙ በምን ይዋቀር የሚሉት ጥያቄዎች በእኛ አንድ ገጽ አይፈቱም። የተቃዋሚ ፓርቲዎች ስብስብ የሆነው መድረክ እነዚህን በሆዱ ይዞ በ2002 ምርጫ ገባ፤ ከ547 ወንበር አንድ አገኘ። (ሽንፈቱ በዚህ ብቻ መጣ አልልም፤ ሜዳው ምን ይመስል እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን።) ሌላው፣ የምርጫና የፓርቲዎች ምዝገባ አዋጅ 1162/2011 ውህደትን፣ ግንባርንና ቅንጅትን ለያይቶ ነው ያስቀመጣቸው። ተዋሐዱ ካልናቸው ስማችሁንና ማኅተማችሁን ጣሉ ማለታችን ነው። የትኛውን ነው የምንጠይቀው?

እግረ መንገዴን፣ መግቢያው ላይ ያለው «ድር ቢያብር» ይቅርልን። ፓርቲዎቹ ራሳቸው በየመግለጫቸው ሲጽፉት ኖረዋል፤ አንበሳው ግን እስካሁን አልታሰረም።

የጃንተከሉ ጋሼ፦ መምህር፣ ማኅተም ስትል የ97ን ነገር አነሣህብኝ። ለልጆቹ ትንሽ ላስረዳ። ቅንጅት አራት ፓርቲ ነበር፦ መኢአድ፣ ኢዴፓ-መድኅን፣ ቀስተ ደመናና ኢዴሊ። ግንቦት 7 ቀን 1997 ሕዝቡ ረጅም ሰልፍ ተሰልፎ ድምፁን ሰጠ። በመጨረሻ በወጣው ውጤት ቅንጅት 109፣ ሌላው የተቃዋሚዎች ስብስብ ኅብረት 52 ወንበር ተባለ። ተጭበርብሯል ተባለ፣ ደም ፈሰሰ። ይህን ሁሉም ያወራዋል።

እኔ የምለው ስለቀጠለው ነው። ፓርላማ እንግባ ወይስ አንግባ የሚለው ጥያቄ ሲመጣ ማን እንደሚወስን፣ በስንት ድምፅ እንደሚወስን፣ በድምፅ የተሸነፈው ወገን ምን እንደሚያደርግ ሁሉም የሚገዛበት አሠራር አልነበረም። የኅብረቱ በየነ ጴጥሮስና መረራ ጉዲና ገቡ። ከቅንጅት ዋና ዋናዎቹ መሪዎች አልገቡም፣ በ1998 ዓ.ም. መግቢያ ታሰሩ፤ በቅንጅት ስም ከተመረጡት ደግሞ ገብተው የተቀመጡ ነበሩ። አራቱ ወደ አንድ ፓርቲ ሊዋሐዱ ሲሉም ኢዴፓ-መድኅን ከውህደቱ ውጭ ቀረ። መሪዎቹ ሐምሌ 1999 በይቅርታ ሲፈቱ የጠበቃቸው እርስ በርስ ክርክር ነበር፤ የቅንጅትን ስም ምርጫ ቦርድ ለሌላ ወገን ሰጠው፣ እነ ብርቱካን ሚደቅሳ ወጥተው አንድነት የሚባለውን ፓርቲ መሠረቱ። በፕሮግራም ተጣልተው ቢሆን ባልቆጨኝ። ስለዚህ ደብዳቤው «ተባበሩ» አይበል። «ሳትስማሙ ስትቀሩ እንዴት ነው የምትወስኑት?» ብሎ ይጠይቅ።

የአዘዞዋ፦ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። እኔ ግን ሌላ ነገር ይከነክነኛል። ሐምሌ 24 ቀን 2008 እዚህ ጎንደር አደባባይ የወጣው ሕዝብ የፓርቲ ጥሪ አልጠበቀም። ከሐምሌ 2015 ወዲህ ደግሞ ጠመንጃ በሚናገርበት ክልል ተቀምጠን ነው የምንጽፈው። በ2013 ምርጫ አብን 5፣ ኢዜማ 4 ወንበር አገኙ። ቢተባበሩስ ምን ያመጣሉ ለሚለኝ የሠፈሬ ልጅ መልስ የለኝም። ደብዳቤው ምርጫ ምርጫ ብቻ ከሸተተ ማንም አያነብበውም።

የመተማው ነጋዴ፦ እህቴ፣ ሱዳንን እይ። እኔ ድንበር ላይ ስለምውል ሰዎቹን በዓይኔ አያቸዋለሁ። አልበሽር ሚያዝያ 2011 ሲወርድ ተቃዋሚው «የነፃነትና የለውጥ ኃይሎች» በሚል አንድ ጥላ ሥር ነበር፤ ከወታደሩ ጋር ስምምነት የፈረመውም እሱ ነው። ከዚያ ተከፈለ። ጥቅምት 2014 አንዱ ክንፍ ቤተ መንግሥት ደጃፍ ተቀምጦ ሠራዊቱ የሲቪሉን መንግሥት እንዲያፈርስ ጠየቀ። በዚያው ወር ሠራዊቱ አፈረሰው። ሚያዝያ 2015 ጄኔራሎቹ ራሳቸው ተዋጉ፣ ሕዝቡ በመተማ በኩል ወደ እኛ ተሰደደ። ፓርቲዎች ሲከፋፈሉ ትርፉ ለባለ ጠመንጃው ነው። ለሠፈርሽ ልጅ ይህን ንገሪው።

የአዘዞዋ፦ ይኼ ይገባዋል። ግን ከምርጫ ውጭ ያለ ሥራም ይግባበት፦ በጋራ ተኩስ ይቁም ማለት፣ የታሰሩ አባሎቻቸውን ዝርዝር በአንድነት ማውጣት። የአንዱ ፓርቲ ሰው ሲታሰር ሌላው ዝም ይላል፤ እኔን የሚያናድደኝ ይኼ ነው።

የሕግ ባለሙያው፦ ባጭሩ። የሲቪል ማኅበራት አዋጅ 1113/2011 ከበፊቱ ብዙ ሰፋ ያለ ነው፣ ሐሳብ ማቅረብ መብታችን ነው። ወገንተኛ እንዳንባል ግን ለሁሉም በአንድ ቀን፣ በአንድ ቃል ይድረስ። ለገዥው ፓርቲም ግልባጭ ይሂድ።

የመተማው ነጋዴ፦ ግልባጩን አልደግፍም። ገና ሳይመክሩበት ምን ለማሳየት ነው?

የማራኪው መምህር፦ ወደ ፍሬ ነገሩ ልመለስ። በእኛ የምርጫ ሥርዓት በየምርጫ ክልሉ ብዙ ድምፅ ያገኘ ብቻ ነው የሚያልፈው። ለምሳሌ ሦስት ተወዳዳሪ ቢኖርና አንዱ ከመቶ 40፣ ሌሎቹ 35 እና 25 ቢያገኙ ባለ 40ው ይገባል፤ የ60ው መራጭ ድምፅ ሜዳ ላይ ቀረ። ስለዚህ ውህደት አያስፈልግም፤ ማን የት እንደሚወዳደር ቢከፋፈሉና የምርጫ ጣቢያ ታዛቢዎቻቸውን ቢያቀናጁ ትልቅ ነገር ነው። የመሬቱ ክርክር ይቆያቸው።

የጃንተከሉ ጋሼ፦ እሱም ቢሆን ወንበር ሲከፋፈሉ ይጣላሉ። ሽማግሌ ይመረጥላቸው፤ ከሁለቱም ያልሆነ።

ጸሐፊዋ፦ እሺ፣ ዋናውን አንቀጽ እንዲህ አድርጌዋለሁ፦ «ፓርቲዎች ፕሮግራማቸውንና ስማቸውን እንደያዙ በአራት ጉዳይ በጽሑፍ እንዲስማሙ እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ተኩስ እንዲቆም በአንድ ድምፅ መጠየቅ፤ ሁለተኛ፣ የየትኛውም ፓርቲ አባል ሲታሰር በጋራ መግለጫ ማውጣት፤ ሦስተኛ፣ በአንድ የምርጫ ክልል እርስ በርስ አለመወዳደርና ታዛቢዎችን ማቀናጀት፤ አራተኛ፣ የምርጫ ውጤት ቢያከራክር ምክር ቤት ስለመግባትና ስላለመግባት በማን፣ በስንት ድምፅ፣ በምን ያህል ቀን እንደሚወሰን ከምርጫው በፊት መፈራረም።» የሱዳኑ በመግቢያው ሁለት መስመር አግኝቷል። «ድር ቢያብር» ወጥቷል።

የማራኪው መምህር፦ አራተኛው ወደ አንደኛ ይምጣ።

የአዘዞዋ፦ አይምጣ! የኔ ሠፈር ልጅ ከተኩስ ማቆም ካልጀመረ ገጹን አይገልጠውም።

የጃንተከሉ ጋሼ፦ ተኩሱ ይቅደም። የሽማግሌው ነገር ግን ከሦስተኛው ሥር ይግባ፣ አትርሺብኝ።

ጸሐፊዋ፦ አስገብቻለሁ ጋሼ። የግልባጩን ነገር ቅዳሜ በእጅ እንወስናለን። ደብዳቤዎቹን በእግሩ የሚያደርስ ሁለት ሰው እፈልጋለሁ፤ ፒያሳ አካባቢ የሚውል ቢሆን ይመረጣል።