የሣር ማጠጫዬ መቆጣጠሪያ ፊውዝ እያቃጠለ አስቸገረኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ሣሩን በሰዓቱ የሚያጠጣልኝ መቆጣጠሪያ ከትናንት በስቲያ ጀምሮ ስክሪኑ ጠፍቷል። ሶኬቱ ደህና ነው፤ የስልክ ቻርጀር ሰክቼበት ሠርቷል። ትራንስፎርመሩንም በመልቲሜትር ለካሁት፤ 26 ቮልት ኤሲ ያወጣል። 24 ነው የተጻፈበት፣ ግን ምንም ሳይሸከም ትንሽ ከፍ ማለቱ ያለ ነው።

ፊውዙ ተቃጥሎ አገኘሁት። ስቀይረው ስክሪኑ በራ፣ ደስ አለኝ። ሦስተኛው የውሃ መስመር ሊከፈት ሲል ግን ድርግም አለ! አዲሱም ፊውዝ ሄደ።

ከዚያ የየመስመሩን ውሃ በኤሌክትሪክ የሚከፍቱትን የቫልቮቹን ሽቦዎች ከመቆጣጠሪያው ነቅዬ አንድ በአንድ ለካሁ። ሌሎቹ 30 ኦም አካባቢ ናቸው፤ ሦስተኛው 3 ኦም ብቻ። ሾርት ያደረገው የቫልቩ ኮይል (ውስጡ የተጠቀለለው ሽቦ) ነው ወይስ የተቀበረው ሽቦ ተልጦ? ግቢውን ሳልቆፍር እንዴት ልለየው? እባካችሁ የሚያውቅ ይንገረኝ። ሣሩ መድረቅ ጀምሯል፣ ሳየው አንጀቴን ይበላኛል።